የጠፋው በስንት ይገመታል? የንብረት ጉዳትና የካሣ ታሪክ በኢትዮጵያ

የሰው ንብረት ያጠፋ ይክፈል የሚለው ደንብ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የሃይማኖት መጻሕፍት፣ ነገሥታት፣ የአገር ሽማግሌዎችና ዘመናዊ ሕጎች በየዘመናቸው ተስማምተውበታል። ጭቅጭቁ የሚነሣው ከዚያ ቀጥሎ ነው። ጠፋ ተብሎ የሚቆጠረው ምንድን ነው? ዋጋው የሚወሰደው ከየትኛው ጊዜ ገበያ ነው? ግምቱን የሚሠራውስ ማን ነው? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች የሒሳብ ሠራተኛ ጉዳይ ተደርገው ብዙ ጊዜ ወደ ዳር ይገፋሉ። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያን የካሣ ታሪክ ከጥንት እስከ ዛሬ በቅደም ተከተል የተከታተለ ሰው፣ ተጎጂው ፍትሕ ያገኘውም ያጣውም በእነዚሁ ጥያቄዎች መልስ መሆኑን ይረዳል። መርሁን ያወጁ ሕጎች ብዙ ናቸው፤ ተጎጂውን ከጉዳቱ በፊት ወደነበረበት ኑሮ የመለሱት ግን ጥቂት ናቸው። ልዩነቱን የፈጠረው ግምቱ ነው።

ታሪኩን ከኦሪት መጀመር ተገቢ ነው፤ የሀበሻ ዳኛ ለብዙ መቶ ዓመታት ፍርዱን የቀዳው ከዚያ ነውና። ኦሪት ዘጸአት ስለ ንብረት ጉዳት የሚናገረው በገበሬ ኑሮ ቋንቋ ነው። ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው፣ የሌላው በሬ ገብቶ ቢሞትበት ዋጋውን ለባለቤቱ ይከፍላል፤ የሞተው በሬ ግን ለከፋዩ ይሆናል። ከብቱን በሰው ማሳ ያሰማራ ከራሱ ማሳ ምርጡን ይሰጣል። በሬ ሰርቆ ያረደ ወይም የሸጠ አምስት፣ በግ የሰረቀ አራት ይመልሳል። ደንቦቹን ጎን ለጎን ላስተያየ ሰው የተደላደለ ሐሳብ ይታየዋል። በቸልተኝነት ለጠፋ ንብረት የሚከፈለው ልክ በልክ ነው፤ የሞተው በሬ ለከፋዩ የሚሰጠውም ተጎጂው ዋጋውንም ሥጋውንም ወስዶ ያለአግባብ እንዳይበለጽግ ነው። ሆን ተብሎ ለተደረገ ስርቆት የሚከፈለው እጥፍ ድርብ ደግሞ ቅጣትን የተሸከመ ነው። ካሣና ቅጣት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የዛሬ የሕግ ተማሪ በአንደኛ ዓመት ይማረዋል፤ ሐሳቡ ግን በዚያ ዘመንም ነበረ። በግብፅ የኖረው የቅብጥ ሊቅ ኢብን አል-አሳል በ13ኛው መቶ ዘመን በዐረብኛ ያሰባሰበው፣ በኋላም ወደ ግዕዝ ተመልሶ የመንግሥትና የቤተ ክርስቲያን ሕግ የሆነው ፍትሐ ነገሥት ይህን የመጽሐፍ ቅዱስ ሐሳብ ከሮማና ከቢዛንታይን ሕግ ጋር አዋሕዶ አመጣው። ትውፊቱ ትርጉሙን ከአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጋር ያያይዘዋል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ሕግ ስለ ካሣ ማሰብ የጀመረው ከአውሮፓ በመጡ ባለሙያዎች ነው የሚለው አባባል መሠረት የለውም።

ከመጽሐፉ ጎን ለጎን የሕዝቡ ልማድ ነበረ። ልማዱ የግምቱ ሥራ በማን እጅ ይሁን ለሚለው ጥያቄ የራሱን መልስ ሰጥቶ ነበር። የአንዱ ከብት የሌላውን አዝመራ ሲበላ ሁለቱ ወገኖች የተስማሙባቸው ሽማግሌዎች ማሳው ድረስ ሄደው ያያሉ፤ የተበላው ቡቃያ ነው ወይስ ያሸተ እህል፣ ማሳው በደህና ዓመት ስንት ቁና ይሰጥ ነበር ብለው ይመዝናሉ፤ ካሣውን በእህል ወይም በከብት ይወስናሉ። አጥፊው ባልታወቀበት ጊዜ ደግሞ አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ይጠራል። የአካባቢው ነዋሪ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ሌባው ወይም ቤት ያቃጠለው ሰው እስኪታወቅ ድረስ አይበተንም። የቀረ ይቀጣል፤ አጥፊው ካልተገኘም የጠፋውን ንብረት ካሣ አገሬው አዋጥቶ ይከፍላል። ለዛሬ ሰው ይህ ንጹሕን ከአጥፊ ጋር መቅጣት ይመስላል፤ ነቀፌታውም እውነት አለው። በውስጡ ያለው ሐሳብ ግን ክብደት አለው፤ አጥፊው ስላልታወቀ ብቻ የተጎጂው ኪሳራ በተጎጂው ላይ ተጭኖ መቅረት የለበትም፣ የማኅበረሰቡ ዕዳ ነው ይላል። ዘመናዊው የግዴታ መድን ከሚቆምበት መሠረት ብዙም አይርቅም። የእህል ካሣም ሌላ ጥቅም ነበረው። አንድ ቁና ጤፍ ገበያው ቢወጣም ቢወርድም ያው አንድ ቁና ጤፍ ስለሆነ፣ የብር ዋጋ መውደቅ ተጎጂውን አይነካውም ነበር።

በጽሑፍ የተደነገገው ሕገ መንግሥት በ1923 ዓ.ም. ሲመጣ ጉዳዩ ከጎረቤት ጠብ ወደ መንግሥትና ዜጋ ግንኙነት ተሻገረ። ያ ሕገ መንግሥት በሕግ ከተወሰነ የሕዝብ ጥቅም በቀር ማንም የኢትዮጵያን ሰው ከርስቱና ከንብረቱ እንዳይነቅለው ደነገገ። የሚከፈለው ካሣ በምን እንደሚለካ ግን በዝርዝር አልተናገረም፤ ሳይቆይም ጦርነት ደረሰ። የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ የንብረትን ጥፋት አገሪቱ ከዚያ በፊት ባላየችው መጠን አመጣው። ከነፃነት በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ለድል አድራጊዎቹ ኃያላን ባቀረበው ዝርዝር 525,000 ቤቶችና 2,000 አብያተ ክርስቲያናት መውደማቸውን፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ከብቶች ማለቃቸውን አስፍሮ ከ184 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ጠየቀ። በየካቲት 1939 ዓ.ም. በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል ለኢትዮጵያ የወሰነላት 25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ነበር። በዘመኑ ምንዛሪ ሲሰላ ከተጠየቀው ከሠላሳ አንድ እጅ ገደማ መሆኑ ነው። ኢጣልያ የመክፈል ግዴታ እንዳለባት ውሉ አረጋግጧል፤ መርሁ ሙሉ በሙሉ ተቀባይነት አግኝቶ ነበር። የኢትዮጵያ ካሣ የተመነመነው በግምቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ኃያላኑ ገማችም ፈራጅም በሆኑበት ቦታ ነው። በስተመጨረሻ የተገኘው ገንዘብ የቆቃን ግድብ ሠራ፤ ቤታቸው ለተቃጠለባቸው ሰዎች በየስማቸው የሚከፋፈል ግን አልነበረም። አገሪቱ ራሷ ተጎጂ ሆና በቆመችበት በዚያ ወቅት የተማረችው ትምህርት፣ በኋላ ለራሷ ዜጎች ካሣ ስትገምት ሊያገለግላት ይገባ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ዘመን ለልኬቱ በጽሑፍ የተሻለውን መልስ ሰጠ። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ማንም ሰው ንብረቱን በልዩ ሕግ መሠረትና ተገቢ ካሣ ተከፍሎት ካልሆነ በቀር እንዳይነጠቅ፣ ሁለቱ ወገኖች በመጠኑ ካልተስማሙም ካሣው በፍርድ ሥርዓት እንዲወሰን አዘዘ። ከአራት ዓመት በኋላ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መርሁን ወደ ዝርዝር አወረደው። ረቂቁን ያዘጋጀው ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ነበር። ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት የሚናገረው ክፍል በቁጥር 2028 በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ እንዲክስ ያዛል። በቁጥር 2091 ደግሞ ካሣው በተጎጂው ላይ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል። እኩል የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይከለክላል፤ ከጉዳቱ ያነሰ ካሣ ተጎጂውን የአጥፊው ዕዳ ከፋይ ያደርገዋል፣ ከጉዳቱ የበለጠ ካሣም አደጋን ወደ ትርፍ ይለውጠዋል። ሕጉ ጥፋት ባይኖርም ኃላፊነት የሚመጣባቸውን ሁኔታዎችም ዘርዝሯል። የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው፣ የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው፣ የተሽከርካሪ ባለቤትም ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው። የቤት እንስሳ ባለቤት እንስሳውን ለተጎጂው አሳልፎ በመስጠት ከኃላፊነት እንዲወጣ የሚፈቅደው ድንጋጌ፣ ከጥንቱ የገበሬ ዳኝነት ጋር ዝምድና እንዳለው ማየት አያስቸግርም።

እኩል ካሣ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ታክሲ ላይ ብናየው ግልጽ ይሆናል። አንድ የጭነት መኪና ታክሲውን ገጭቶ ጎኑን ጨፈለቀው እንበል። የመጀመሪያው ጉዳት ለሁሉም ይታያል፤ የመለዋወጫው፣ የቀጥቃጩና የቀለሙ ዋጋ ነው። ሁለተኛው መኪናው ጋራዥ በቆመባቸው ሳምንታት የቀረው የየዕለት ገቢ ነው፤ ከዚያ ላይ ባለመሥራቱ ያልወጣው ነዳጅ ይቀነሳል። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው። የተገጨ መኪና በደንብ ቢጠገንም ገበያ ላይ የሚያወጣው ዋጋ ይወርዳል። መኪናው ከጥቅም ውጭ ከሆነ ደግሞ ካሣው ከአደጋው በፊት የነበረው ዋጋ ሆኖ የስብርባሪው ዋጋ ይቀነስለታል፤ የኦሪቱ የሞተ በሬ ሐሳብ እዚህም ይሠራል። የመጀመሪያውን ብቻ ቆጥሮ ሁለቱን የተወ ዳኛ የሕጉን ቃል አላፈረሰም ብሎ ያስብ ይሆናል፤ የታክሲው ባለቤት ግን የጉዳቱን ግማሽ ራሱ ከፍሏል። ሕጉ ተጎጂው የጉዳቱን መጠን እንዲያስረዳ በቁጥር 2141 ሸክሙን ቢጥልበትም፣ ትክክለኛውን መጠን ማወቅ በማይቻልበት ጊዜ ዳኛው በርትዕ እንዲወስን በቁጥር 2102 ፈቅዷል። ይህ ፈቃድ ደረሰኝ መያዝ ለማይለመድበት ኅብረተሰብ ትልቅ ነገር ነው። ጉሊት የምትሸጥ ሴት ዕቃዋ ቢቃጠል የሒሳብ መዝገብ የላትምና ምንም አልጠፋባትም ሊባል አይገባም።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ የራሱ ድክመት ነበረው፤ ድክመቱም ከዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሣ በምንም ሁኔታ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ በቁጥር 2116 ተወሰነ። ሕጉ በወጣበት ጊዜ ይህ ገንዘብ ወደ 400 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነበር፤ ዛሬ 10 ዶላር አይሞላም። የተለወጠ መርህ የለም፤ የሕግ አውጪው ፍላጎትም አልተለወጠም። የተለወጠው የብሩ አቅም ብቻ ነው፤ ውጤቱ ግን መብቱን እንደመሻር ሆነ። በሕግ ውስጥ በብር የተጻፈ ጣሪያ በየዓመቱ በዝምታ እየወረደ የሚመጣ ጣሪያ ነው። ዳኞች ፍርዳቸውን ያስማማሉ፣ ተከራካሪም የሚያገኘውን አስቀድሞ ያውቃል የሚል ክርክር ለእንዲህ ዓይነት ቁጥር ሲቀርብ ይሰማል። እርግጠኝነት ጥቅም እንዳለው አይካድም። ነገር ግን ከ60 ዓመት በላይ ሳይነካ የቆየ ቁጥር ተጎጂውን እርግጠኛ የሚያደርገው ምንም እንደማያገኝ ብቻ ነው።

አብዮቱ ሲመጣ ጥያቄው ከልኬት ወደ መርሁ ተመለሰ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ለመሬቱ ካሣ እንደማይከፈልም በግልጽ ተናገረ። በመሬቱ ላይ ለተሠራ ቋሚ ሥራና ለተንቀሳቃሽ ንብረት ግን ተገቢ ካሣ እንደሚሰጥ ቃል ገባ። በዚያው ዓመት በሐምሌ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ወረሰ፤ ለቦታው ምንም፣ ለትርፍ ቤቱ ደግሞ ተገቢ ካሣ አለ። እዚህ ላይ በሚዛን መናገር ያስፈልጋል። ጭሰኛው ለዘመናት ካመረተው ሲሦውን እስከ ግማሹን ሲገብር የኖረበት ሥርዓት ራሱ ያልተካሰ ጉዳት ነበር፤ መሬቱን ለአራሹ መስጠት የዚያ ዕዳ ክፍያ ነው የሚለው ክርክር ክብደት አለው። በከተማ ያለው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ከወር ደመወዙ ቆጥቦ ሁለት ክፍል የሚያከራይ ጭቃ ቤት የሠራው ሰውና ሰፈር ሙሉ ቪላ የነበራቸው መኳንንት በአንድ አዋጅ ተጠቃለሉ። የተገባው የትርፍ ቤት ካሣም ለብዙው ባለቤት ሳይከፈል በወረቀት ላይ ቀረ። ካሣ ይከፈላል ብሎ መጠኑን፣ ቀኑንና ከፋዩን ያልወሰነ ሕግ፣ ካሣ አይከፈልም ካለው ሕግ በውጤቱ አይለይም።

የዚህ ዘመን አንድ ጉዳይ ልዩነቱን ከሁሉ በላይ ያሳያል። በ1967 ዓ.ም. ከተወረሱት ድርጅቶች አንዱ አብዛኛው አክሲዮኑ በካላማዙ ስፓይስ ኤክስትራክሽን በተባለ የአሜሪካ ኩባንያ የተያዘ የቅመማ ቅመም ፋብሪካ ነበር። ኩባንያው አገሩ ውስጥ ከሰሰ። መጀመሪያ ክሱ ውድቅ ተደርጎበት ነበር፤ በ1976 ዓ.ም. ግን የይግባኙ ፍርድ ቤት ኢትዮጵያና አሜሪካ በ1943 ዓ.ም. የፈረሙት የወዳጅነት ውል ፈጣን፣ ተገቢና ውጤት ያለው ካሣ እንዲከፈል ስለሚያዝ ፍርድ ቤት ሊመራበት የሚችል መለኪያ አለ ብሎ ጉዳዩ እንዲታይ ወሰነ። በታኅሣሥ 1978 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ንብረታቸው ለተወረሰባቸው አሜሪካውያን በጠቅላላው 7 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የተወረሰው በአንድ ዘመን፣ የወረሰውም አንድ መንግሥት ነው። የአሜሪካው ባለንብረት የተጻፈ መለኪያና ከወሳጁ ነፃ የሆነ ዳኛ ስለነበረው ገንዘቡን አገኘ፤ የአዲስ አበባው የትርፍ ቤት ባለቤት ግን ሁለቱም አልነበሩትም። ካሣን እውን የሚያደርገው ምን እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ አቆየው። ዜጋው በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ባፈራው ንብረት ላይ ሙሉ መብት እንዳለው አረጋገጠ፤ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረት ሲወስድም ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ እንዲከፍል ግዴታ ጣለ። ይህን ለማስፈጸም በ1997 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 455፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ደንብ ቁጥር 135 ወጡ። በመሬቱ ላይ ያለው ንብረት በሚተካበት ዋጋ እንዲገመት ተደረገ። መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ የገጠር ባለይዞታም ከዚያ በተጨማሪ ባለፉት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ የመፈናቀያ ካሣ ይከፈለው ጀመር። አዋጁ ምስጋና ይገባዋል፤ ከአብዮቱ ወዲህ መሬት ማጣት የኑሮ መጥፋት መሆኑን በቁጥር ያመነ ሕግ ነው። ችግሩ የነበረው አማካይ በሚለው ቃል ውስጥ ነው።

ለማስረጃ ያህል አንድ ስሌት እንሥራ። አንድ ገበሬ ከማሳው በአምስት ተከታታይ ዓመታት 4,000፣ 5,000፣ 6,000፣ 8,000 እና 12,000 ብር አገኘ እንበል። ምርቱ ያው ሆኖ የእህል ዋጋ ሲወደድ ገቢ በብር እንዲህ ነው የሚያድገው። አማካዩ 7,000 ብር ነው፤ በ10 ሲባዛ 70,000 ብር ይሆናል። የመጨረሻው ዓመት ገቢ ግን 12,000 ስለሆነ 10 እጥፉ 120,000 ብር ነበር። ስለዚህ 50,000 ብር ከገበሬው እጅ የወጣው ማንም ሳይሰርቀው፣ ማንም ሕግ ሳይጥስ፣ በአማካይ ስሌት ብቻ ነው። በእጁ የገባው 70,000 ብርም በዚያው ገበያ ከስድስት ዓመት ያልሞላ ገቢው ነው፤ ቤተሰቡ ግን መሬቱን ለልጅ ልጅ ሊያቆየው ይችል ነበር። የዋጋ ንረት ባለበት አገር ያለፈን ዋጋ መለኪያ ማድረግ ሁልጊዜ የሚጎዳው አንድን ወገን፣ የሚቀበለውን ነው።

ሁለተኛው ችግር የገማቹ ማንነት ነበር። አዋጁ ግምቱ ፈቃድ ባላቸው ባለሙያዎች ወይም ተቋማት ይሠራል ቢልም፣ እነርሱ እስኪኖሩ ድረስ ወረዳው ወይም የከተማ አስተዳደሩ በሚያቋቁመው ኮሚቴ እንዲሠራ ፈቀደ። ለብዙ ዓመታት የተሠራበትም ጊዜያዊው መንገድ ነው። ቦታውን የሚወስደው፣ ዋጋውን የሚተምነው፣ መጀመሪያ ቅሬታውን የሚሰማው የአንድ አስተዳደር ሰው ሆነ። ይግባኝ ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ባለይዞታው መጀመሪያ ቦታውን ማስረከብ ነበረበት። ቤቱ ከፈረሰ፣ ባሕር ዛፉ ከተቆረጠ፣ ማሳው ከታረሰ በኋላ የሚቀርብ ክርክር ማስረጃው ከመሬት ላይ የጠፋ ክርክር ነው። በልማዱ ዳኝነት ሽማግሌዎቹ የተበላውን ማሳ በዐይናቸው አይተው፣ በሁለቱም ወገን ተመርጠው ይገምቱ እንደነበር ስናስታውስ፣ በዚህ ነጥብ ላይ ዘመናዊው አሠራር ከአባቶች ልማድ ያነሰ ሆኖ እናገኘዋለን።

በዚሁ ወቅት ኢትዮጵያ በዓለም መድረክ ላይ የንብረት ጉዳት ስታስገምትም ስትከሰስም ነበረች። ከኤርትራ ጋር የተደረገውን ጦርነት በቋጨው በ1993 ዓ.ም. የአልጀርስ ስምምነት የተቋቋመው የኤርትራና የኢትዮጵያ የካሣ ጥያቄዎች ኮሚሽን በነሐሴ 2001 ዓ.ም. የመጨረሻ ውሳኔውን ሰጠ። ለኢትዮጵያ 174,036,520 ዶላር፣ ለኤርትራ የግለሰቦቹን ጥያቄ ጨምሮ 163,520,865 ዶላር ወሰነ። ዛላምበሳ ከተማ ላይ ለደረሰው ዝርፊያና ውድመት ኤርትራን ለ75 በመቶው ተጠያቂ አደረገ፤ ለጥንታዊው የመጠራ ሐውልት ጉዳት ደግሞ ኢትዮጵያ 50,000 ዶላር እንድትከፍል ወሰነ። ኮሚሽኑ በብዙ ጥያቄዎች ላይ የቤት በቤት ዝርዝር ማስረጃ እንዳላገኘ እያወቀ ጠያቂውን ባዶ እጁን አልመለሰም፤ ካለው ማስረጃ ተነሥቶ በሚዛናዊ ግምት ወሰነ። ከተማ ሙሉ የፈረሰበት ሕዝብ ደረሰኝ አላቀረበም ተብሎ እንዳይታለፍ ኢትዮጵያ የተከራከረችበት መርህ፣ በአገር ውስጥ ቤቱ ለሚፈርስበት ዜጋም ያው መርህ ነው።

ልኬቱ በትክክል ሳይሠራ ሲቀር የሚከፈለው ዋጋ በፍርድ ቤት መዝገብ ብቻ አይቀርም። በ2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያሉ የኦሮሚያ ከተሞች የተቀናጀ ማስተር ፕላን ይፋ ሲሆን ተቃውሞ ተነሣ፤ በ2008 ዓ.ም. ከጊንጪ ጀምሮ እንደገና ተቀጣጠለ፤ በጥር 2008 ዓ.ም. መንግሥት ዕቅዱን መሰረዙን አስታወቀ። የተቃውሞው ምክንያት ብዙ ነው፤ የፖለቲካ ውክልና፣ የማንነትና የአስተዳደር ጥያቄዎች ሁሉ ነበሩበት። ነገር ግን በከተማዋ ዙሪያ መሬቱን በትንሽ ካሣ የለቀቀ ገበሬ፣ ያው መሬት በሊዝ በብዙ እጥፍ ሲሸጥ በዐይኑ ማየቱ ከቁጣው ሥር የነበረ እውነት ነው። ለአንድ መሬት ሁለት ዋጋ ነበረ፤ መንግሥት ሲገዛ የሰብል ዋጋ፣ ሲሸጥ የከተማ ቦታ ዋጋ።

ከዚያ በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ብዙውን ትምህርት ተቀብሏል። የመፈናቀያ ካሣው ባለፉት ሦስት ዓመታት ከተገኘው ገቢ ከፍተኛው ተወስዶ በ15 እንዲባዛ አደረገ። ከላይ ያየነው ገበሬ በዚህ ስሌት 180,000 ብር ያገኛል፤ በፊት ከነበረው 70,000 ጋር ሲነጻጸር የቃሉና የማባዣው ቁጥር ለውጥ ምን ያህል እንደሚመዝን ይታያል። ሕጉ የኢኮኖሚ ጉዳት ካሣንና የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና የሥነ ልቦና ጉዳት ካሣንም ዕውቅና ሰጠ። ዕድሯን፣ ደንበኞቿንና ጎረቤቷን ያጣች ነጋዴ የጠፋባት የቆርቆሮ ጣሪያና የጭቃ ግድግዳ ብቻ አለመሆኑን ለመጀመሪያ ጊዜ በሕግ አመነ። ጠፋ ተብሎ የሚቆጠረው ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች ይህ ሰፊው ነው። በ2016 ዓ.ም. ግን ማሻሻያ ተደርጎበት ለፌዴራል ፕሮጀክቶች የሚከፈለውን ካሣ የመክፈል ኃላፊነት ወደ ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች ተዛወረ። በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ በፒያሳና በሌሎችም ነባር ሰፈሮች ጉዳዩን የየቤቱ ጉዳይ አደረገው። መብቱ በወረቀት ሰፍቶ ከፋዩ አቅም ከሌለው፣ የትርፍ ቤት ባለቤቶች ታሪክ በሌላ መልክ ሊመለስ ይችላል።

ሙሉ ካሣ ይከፈል ሲባል ሦስት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው የድህነት ነው፤ አገሪቱ መንገድ፣ ግድብና ትምህርት ቤት ያስፈልጋታል፣ ሙሉ ካሣ ከተከፈለ ልማት ይቆማል ይላል። ይህ ክርክር ወጪው እንደማይጠፋ ይዘነጋል። ያልተከፈለው ካሣ ከተነሺው ቤተሰብ ኑሮ ላይ ተቆርጦ መንገዱን ይሠራል፤ መንገዱ የሁሉም ሆኖ ሳለ ዋጋውን ጥቂቶች ይሸከማሉ። የፕሮጀክቱ እውነተኛ ዋጋ ስለሚደበቅም፣ ሙሉ ዋጋው ቢታወቅ ኖሮ የማይመረጥ ቦታ ይመረጣል። ሁለተኛው ተቃውሞ አጋጣሚን የሚጠቀሙ ሰዎች አሉ፣ መንገድ እንደሚያልፍ ሲሰሙ በአንድ ሌሊት ባሕር ዛፍ ይተክላሉ፣ ዳስ ይጥላሉ ይላል። እውነት ነው፤ መፍትሔውም በእጅ ነው። ሕጉ ማስታወቂያ ከተሰጠ በኋላ የተሠራ ነገር ካሣ እንዳይከፈልበት ይከለክላል። በማስታወቂያው ቀን ንብረቱን በፎቶግራፍና በቃለ ጉባኤ መመዝገብ አጭበርባሪውን ከሐቀኛው ይለያል። የጥቂቶችን ማጭበርበር ለመከላከል የሁሉንም ካሣ ማሳነስ ግን ከአውጫጭኝ የከፋ ነው፤ አውጫጭኝ ንጹሐንን ያስከፈለው ተጎጂውን ለመካስ ነበርና።

ሦስተኛውና ጠንካራው ተቃውሞ መሬት የሕዝብ ስለሆነ ባለይዞታው ያልነበረውን አላጣም፣ ስለዚህ የመሬት ዋጋ ሊጠይቅ አይችልም የሚለው ነው። በሕገ መንግሥቱ አነጋገር የመሬት ባለቤትነት ዋጋ አይጠየቅም፤ ይህን መቀበል ግዴታ ነው። ነገር ግን የመጠቀም መብት ራሱ ሀብት ነው። ጊዜ ሳይወሰንለት፣ ለልጅ የሚተላለፍና ሊከራይ የሚችል መብት መሆኑን የገጠር መሬት ሕጎቻችን ያውቁታል። መሬቱ ምንም ዋጋ ከሌለው መንግሥት በሊዝ ሲያስተላልፈው ገዢው ገንዘብ የሚከፍለው ለምንድን ነው? የ10 እና የ15 ዓመት ገቢ ስሌቱ ራሱ ይህን መብት በተዘዋዋሪ መገመት ነው፤ የሚቀረው ግምቱን ከእውነተኛው ዋጋ ማቀራረብ ነው።

ከኦሪት እስከ ኮሪደር ልማት ያለው ታሪክ የሚሰጠው ፍርድ ግልጽ ነው። ካሣ የከሸፈው በአብዛኛው ሰው መርሁን ስለካደ አይደለም። ልኬቱ ባለፈ ጊዜ ዋጋ ሲሰላ፣ በሕግ ውስጥ በብር ተጽፎ ሲረሳ፣ ወይም በወሳጁ እጅ ሲገባ ከሽፏል። የተሳካው ደግሞ ልኬቱ አስቀድሞ ሲታወቅ፣ የጠፋውን ሁሉ ሲቆጥር፣ ገማቹም ከሁለቱም ወገን ነፃ ሲሆን ነው። ስለዚህ ሕግ አውጪዎች ሦስት ነገር እንዲያደርጉ ይጠበቃል። የ1,000 ብሩን ጣሪያና መሰል ቁጥሮችን ከዋጋ ንረት ጋር የሚለዋወጡ ያድርጉ፤ የግምት ሥራውን ከአስተዳደሩ ነጥለው ራሱን ለቻለ ተቋም ይስጡ፤ ካሣው በባለይዞታው እጅ ሳይገባና ማስረጃው ሳይመዘገብ ምንም ቤት እንዳይፈርስ ያድርጉ። ዜጋውም የድርሻውን ይያዝ። የይዞታ ማረጋገጫውን፣ የግብር ደረሰኙን፣ የቤቱንና የማሳውን ፎቶግራፍ ዛሬውኑ ያስቀምጥ፤ ጉዳት ሲደርስበትም ከውል ውጭ ለሚቀርብ የካሣ ክስ የተሰጠው ጊዜ ሁለት ዓመት ብቻ መሆኑን አይርሳ።